ሜዳው እስኪደርቅ

ብሩሼን የሰቀልኩት ዓይኔ ደክሞ አይደለም። ዛሬም ወረታ ገበያ ዳር ቆሜ፣ ከሩቅ የሚመጣው በሬ የማን እንደሆነ እለያለሁ። እጄም አልተንቀጠቀጠም። ያቆምኩት ሰው ሥዕል በጥቅል መግዛት ስለጀመረ ነው። አሁን ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሥዕሉ ከተማ ታትሞ፣ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ይመጣል። ጠዋት ይደርሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይለጠፋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በየደብሩ አንድ ዓይነት ፊት አለው፤ ፈረሱም አንድ ዓይነት ጭራ አለው። ለጥፈው ሲያበቁ ይጠሩኝና "አባባ ፈንታ፣ አማረ አይደል?" ይሉኛል። "አማረ" እላለሁ። ውሸት አይደለም፣ ያምራል። የእኔ ግን ይበልጣል።

የሥራ ዘመኔን ራሴ የምጽፈው ሌላ ሰው ቢጽፈው ያሳንሰዋል ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ። እኔን ያስተማረኝ ሰው የለም። ፊደል የለየሁት የጎረቤት ልጆች ቄሱ ዘንድ ሲቆጥሩ ከአጥር ውጭ ሆኜ እየሰማሁ ነው። ሥዕል የጀመርኩት በእናቴ ጎታ ላይ ነው፤ በከሰል። እናቴ ጎታዋ ላይ ላም ባየች ቁጥር ትራገም ነበር። ጎረቤቶቻችን ግን እህል ሊበደሩ መጥተው፣ እህሉን ረስተው ላሞቹን ያዩ ነበር። በፎገራ ሜዳ ከእኔ በፊት ላምን እንደ ላም የሣለ አልነበረም። ከእኔ በኋላም አላየሁም።

የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት በአርባዎቹ ዓመታት ማብቂያ ላይ፣ ወረታ ውስጥ፣ ጠጅ ቤት ነው። ወረታ ያን ጊዜ መንገዱን ይዛ የተኮለኮለች ትንሽ ከተማ ነበረች። ሩዝ የሚባል ነገር አልመጣም፤ ሜዳው ጤፍና ጓያ፣ ሽምብራና ኑግ ነበር። የጠጅ ቤቱ ባለቤት እመት ጥሩወርቅ "ግድግዳዬ ላይ አንበሳ ሣልልኝ" አሉኝ። አንበሳ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ አንድ ጥሩ በሬ ሣልኩና ጎፈር ጨመርኩለት። ጠጪው ሁሉ "የፎገራ አንበሳ" እያለ ይስቅ ጀመር፤ ቤቱም በአንበሳው ስም ተጠራ። ክፍያዬ ግማሹ በጠጅ ነበር። ስለ ገንዘብ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አንድ ቀን ጢማቸው ሰማያዊ የሆነ አንድ ሽማግሌ ከአንበሳው ፊት ቆመው ብዙ አዩት።

"ይህን በሬ አንበሳ ያደረገው ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"ቀንዱን የት ጣልከው?"

"ጎፈሩ ውስጥ ነው፣ አባቴ።"

ሳቁና "ዓይኑ ሕያው ነው። ነገ ና፣ ሙጫ ታፈላልኛለህ" አሉኝ።

እኒህ ሰው መሪጌታ ገሠሠ ነበሩ፤ በጣና ዙሪያ ስንት መቅደስ የሣሉ። ልብ በሉ፤ ሙጫ አፍላልኝ አሉኝ እንጂ ሥዕል ላስተምርህ አላሉኝም። ለዓመታት አብሬያቸው ዞርኩ። ያየሁትን በዓይኔ ሰርቄ ያዝኩ። ይህ ራስን ማስተማር ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ሙጫ ማፍላት ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። የበሬ ቆዳ ቁርጥራጭ ተዘፍዝፎ ይሰነብትና በሸክላ ድስት ውስጥ በለሰለሰ እሳት ይበስላል። ከተንተከተከ ጉልበቱ ይሞታል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘህ ስትለያየው እንደ ሸረሪት ድር ክር ካበጀ ደርሷል። ሽታውን አልነግራችሁም፤ በዚያ ሽታ ምክንያት ሁለት ቤት ሚስት ከልክለውኛል። ከዚያ አቡጀዲው ታጥቦ፣ ተወጥሮ፣ ሙጫና ጀሶ ይቀባል። ጥቁሩን ከመብራት ጥላሸት፣ ቀዩን ከአፈር እናወጣለን፤ ሰማያዊው ብቻ ከሱቅ ይገዛል። ሥዕሉ ቤት ውስጥ በጨርቁ ላይ ያልቅና መቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

መሪጌታ ብሩሻቸውን የሚጠርጉት በጢማቸው ነበር። ጢማቸውን አይቶ ሰው የትኛው ልብስ ላይ እንደደረሱ ያውቃል፤ ቀይ ከሆነ መላእክቱ ላይ ናቸው፣ ሰማያዊ ከሆነ እመቤታችን ላይ። ዓይን ሲሥሉ አይናገሩም፤ እኔም እንድናገር አይፈቅዱም። ዓይን የሚሣለው መጨረሻ ላይ ነው። "ቅዱሱ አንዴ ካየን ልናስተካክለው እናፍራለን" ይሉ ነበር።

አንድ ልማድ ግን ነበራቸው፤ እኔን የሚያናድደኝ። አዲስ የተመረገ ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ዕቃ ስናራግፍ፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ያወልቁና በእጀ ጠባብ ብቻ ጀርባቸውን ለመቅደሱ ግድግዳ ሰጥተው ይቀመጣሉ። እግራቸውን ይዘረጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ ድስቱን፣ ጨርቁን፣ መሰላሉን እሸከማለሁ። አንዳንዴ ከዚያ ይነሡና "ዛሬ አንሠራም፣ እንመለስ" ይላሉ። ዕቃውን እንደገና የምሸከመው እኔ ነኝ። ሽማግሌ ነው፣ ይረፍ፣ እያልኩ ታገሥኩ። ከእሳቸው ሁሉን ወሰድኩ፤ ይህችን ስንፍና ብቻ ተውኩላቸው።

በሥዕል ላይ ግጥም የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሌላው ሠዓሊ ከሥር "ይህ የእገሌ ሥዕል ነው፣ ያሣለው እገሌ ነው" ብሎ ያልፋል። እኔ ቤት የሚመታ፣ ልብ የሚነካ አደርገዋለሁ። መሪጌታ የመጀመሪያውን ባዩ ጊዜ "ሥዕሉ አይበቃም?" አሉኝ።

"ሥዕሉ ዓይን ላለው ነው፣ መሪጌታ። ግጥሙን ዓይነ ስውሩም ይሰማዋል።"

ጢማቸውን እያሹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ይህ መሸነፋቸው ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልግባ። ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ሜዳ መካከል አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ስሟን አልጠራም። ክረምት ሲገባ ጉብታዋ ብቻ ይቀርና ዙሪያዋን ውሃ ይከባታል፤ ሰው በታንኳ ይሳለማታል። በዚያ ዓመት ጣሪያዋ ከሣር ወደ ቆርቆሮ ሊለወጥ፣ ግድግዳዋም ዝናቡ እንዳቆመ እንደገና ሊመረግ ሆነ። ገበዙ መምሬ አስረስ ሰኔ ላይ መሪጌታን አስጠርተው "ለኅዳር ጽዮን ሥዕሉ ተለጥፎ እንዲያድር እንፈልጋለን" አሏቸው።

"ከፋሲካ በፊት አልለጥፍም" አሉ መሪጌታ።

"ለምን?"

"ግድግዳው አይደርስም።"

ያን ጊዜ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። "እኔ አደርሰዋለሁ" አልኩ። መሪጌታ ዞረው አዩኝ እንጂ አልተቆጡም። "ይሞክር" አሉና ወጡ።

መምሬ አስረስ ጣታቸውን ቀስረው "ስማ ፈንታ። ከሆነልህ ከዛሬ ጀምሮ የሜዳው ደብር ሁሉ ያንተ ነው። ካልሆነልህ ግን ለየገበዙ እናገራለሁ፤ በፎገራ ብሩሽ አትይዝም፣ እንደ አባትህ ሞፈር ትይዛለህ" አሉኝ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ከጠጅ ቤቱ ጓሮ ባለ ክፍል ዘግቼ ሣልኩ። ርዕሱ ስደት ነበር፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ ስትሸሽ። ሌሎች ሠዓሊዎች ከኋላዋ ባዶ ቢጫ ቀለም ይቀባሉ። እኔ ፎገራን ሣልኩላት። ውሃ የተኛበት ሜዳ፣ ደንገል፣ በሩቅ ኑግ ያበበበት ማሳ፣ እመቤታችን ደግሞ ልጇን አዝላ ውሃ ስትሻገር። ከውሃው ዳር አንዲት ፎገሬ ላም ቆማ ታያታለች። ያቺን ላም ስሥል ከዓይኔ እንባ ወጥቷል። ጥሩ ነገር ሲሠራ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

መምሬ አስረስ ሊያዩ መጡ።

"ይቺ ላም የማን ናት?" አሉ።

"ላም ናት፣ አባቴ።"

"ላምማ አውቃለሁ! የአያ ወርቁ ዛጎላ አይደለችም? ይኸው ሻኛዋ ላይ ነጩ።"

"እሷን አይቼ ነው የሣልኩ።"

"የአያ ወርቁ ላም ግብፅ ምን ትሠራለች?"

"ሰው ሁሉ በሩን ሲዘጋባት ይህች ላም ወተት ሰጥታታለች ብዬ ነው።"

"የት ተጽፎ?"

"አልተጻፈም። ግን የኛ ላም ብትኖር አትከለክላትም ነበር።"

መምሬ ላሟን እንደገና አዩ። "ተዋት" አሉ በመጨረሻ፤ "አያ ወርቁ ግን እንዳይሰማ፤ ሰማይ ይነካል።" አያ ወርቁ በማግሥቱ ሰማ። ሳምንቱን ሙሉ ከነቤተሰቡ እየመጣ ላሙን አየ።

ግጥሙን የጨረስኩት ጮክ ብዬ እየሞከርኩ ነው። ለሙጫና ለቀለም የሚሆን ሸክላ የምታመጣልኝ ውድነሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ በዕድሜ ታላቄ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ። ደፍ ላይ ተቀምጣ ታዳምጠኛለች። እንዲህ ብዬ አነበብኩላት፦

ውሃው ሞልቶ ሳለ መንገዱ ጠፍቶብሽ፣
እንዴት ተሻገርሽው ልጅሽን አዝለሽ፤
ታንኳ የለኝ እኔ፣ ዋና የማላውቅ፣
አሻግሪኝ ቶሎ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ።

"እንዴት ነው እትዬ ውድነሽ?"

"ሦስቱ ጥሩ ነው። መጨረሻው ይቸኩላል።"

"ምኑ ነው የሚቸኩለው?"

"እንዴ! እመቤቴን 'ቶሎ በይ' ትላታለህ? ባሪያህ ናት?" አለችና ድስቶቿን ተሸክማ፣ በራሷ ዜማ እያንጎራጎረች ሄደች። ዜማው የሷ ነው፤ ይህን አልክድም። ከደጅ ወዲያ ስትደርስ ግን መጨረሻውን ለውጣ ስትለው ሰማሁ፦ "ያዢኝ እናቴ ሆይ ሜዳው እስኪደርቅ።" ያልተማረች ናት ብዬ ንቄ ተውኳት። ሥዕሉ ላይ የጻፍኩት የራሴን ነው።

ዝናቡ አቆመ፣ ቆርቆሮው ተመታ፣ ግድግዳው ተመረገ። ኅዳር ሲገባ ምርጊቱን በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ለጠፍኩት። እንዴት እንዳማረ ልነግራችሁ አልችልም። እስከ በዓሉ ሰው እንዳያየው በመጋረጃ ሸፈንነው።

በኅዳር ጽዮን ቅዳሴው አለቀና ሕዝቡ ሊሳለም ገባ፤ ያልገባው በየበሩ ተጠቀጠቀ። ሸክላ ሠሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ከደጅ በኩል ቆመዋል፤ ለምን እንደሆነ አገሩ ያውቃል። መምሬ አስረስ አዲስ ጥምጣም ጠምጥመው መጋረጃውን ያዙ። ወደ እኔ አዩና ሳቡ።

ሥዕሉ አብሮ መጣ።

በአንድ ጊዜ ቢወድቅ ደግ ነበር። ከላይ ከቀኝ ጥጉ ጀመረና በግ ሲገፈፍ እንደሚወርደው ቆዳ፣ ቀስ እያለ፣ እየተላጠ ወረደ። መጀመሪያ ሰማዩ፣ ቀጥሎ እመቤታችን፣ ከዚያ ሜዳው። መጨረሻ ላይ ሁሉም መምሬ አስረስ ላይ ወደቀ። ከውስጥ "አውጡኝ! ምን ታያላችሁ፣ አውጡኝ!" የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ዲያቆናቱ ሲያወጧቸው ጥምጣማቸው ሰማያዊ ሆኗል። ከግድግዳው የቀረው እርጥብ ምርጊትና የሻገተ ሙጫ ነው።

ሳቅ የለም፣ ለቅሶ የለም። ሞፈሩ ታየኝ፤ የአባቴ ሞፈር፣ ከቤታችን ጥግ እንደቆመ።

ያን ጊዜ ከደጅ በኩል አንድ ድምፅ ወጣ። "ውሃው ሞልቶ ሳለ፣ መንገዱ ጠፍቶብሽ..." ውድነሽ ናት። ባልንጀሮቿ ተቀበሏት፤ ለካ ገበያ ሲመላለሱ መንገዱን ሙሉ ሲሉት ከርመዋል። ቀጥሎ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሉ። ጭብጨባው መጣ፣ እልልታው ተከተለ። "ያዢኝ እናቴ ሆይ፣ ሜዳው እስኪደርቅ" ሲሉ ሽማግሌዎቹ እንኳ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። በዓሉ ከመሬት ተነሣ። መምሬ አስረስ በሰማያዊ ጥምጣማቸው እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ።

"ይህን መዝሙር ማን አወጣው?" አሉ።

"ይሄው ሥዕሉ የወደቀበት ነው፣ አባታችን" አለች ውድነሽ ከደጅ።

መምሬ አዩኝ። "አፉ ከእጁ ይሻላል" አሉ። "መሪጌታን ጥሩልኝ። እሳቸው ይሆናል ካሉ ይሁን፤ አይሆንም ካሉ እኔም ያልኩት ያው ነው።"

የኔ ነገር እንግዲህ ሥራቸውን ነጥቄ የወጣሁባቸው ሰው እጅ ላይ ወደቀ።

መሪጌታ ገሠሠ በበቅሎ መጡ። ሥዕሉን መሬት ላይ አስዘረጉና ዞሩት። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀመጡ። እዚህም ሊያርፉ ነው አልኩ በልቤ።

"ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ። ኩታህን አውልቅ" አሉኝ። ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆየን።

"ምን ተሰማህ?"

"በረደኝ።"

"የት?"

"ጀርባዬን።" እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ እጀ ጠባቤን ዳሰስኩ። ረጥቧል።

"እንዲህ ስቀመጥ ስንት ዓመት አየኸኝ?"

"ብዙ ዓመት።"

"ምን የማደርግ ይመስልህ ነበር?"

"የሚያርፉ።"

ሳቁ። ጢማቸው እስኪርገፈገፍ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "አንተ ልጅ፣ እኔ ከዚህ የበለጠ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። እጃችን በሙጫና በቀለም ደንድኗል፤ እርጥበት አይለይም። የዚህ ሜዳ ግድግዳ ፊቱ ይደርቅና ከሥሩ ውሃ ሲጠጣ ይከርማል። የሚያውቀው ጀርባ ብቻ ነው።" ከዚያ ወደ ደጁ አመለከቱ፤ ሴቶቹ አሁንም ያንጎራጉራሉ። "'ሜዳው እስኪደርቅ' ይላሉ። ያንተ ግጥም ነው አሉኝ።"

"መጨረሻዋ የሷ ናት" አልኩ። በሕይወቴ ከባዱ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው።

መሪጌታ ተነሡና መምሬ አስረስን "ሥዕሉ ደኅና ነው፤ ያልደረሰው ግድግዳው ነው። ከፋሲካ በኋላ ይኸው ልጅ ይለጥፈው" አሏቸው።

"እርስዎ አይሠሩልንም?"

"እኔ እንዲህ ያለች ላም አልችልም።"

ይህን ቃል በምስክር ፊት ነው የተናገሩት። ተማርን የሚሉ ሰዎች ወረቀታቸውን በመስታወት አድርገው ይሰቅላሉ፤ የእኔ ወረቀት ይህች ቃል ናት።

በጋውን ሁሉ እየተመላለስኩ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጠሁ። ውድነሽ ባየችኝ ቁጥር "ተኝተህ ነው እንዴ የሚከፍሉህ?" ትላለች። "እየሠራሁ ነው!" እላታለሁ። "እኛ ሸክላን ሳይደርቅ እሳት አናገባም፤ አንተ ይህን ለማወቅ ቄስ ሰማያዊ ማድረግ ነበረብህ" ትለኛለች። በሥዕሉ ላይ እመቤታችንን እንደገና ሣልኳት፤ ፊቷ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ላሟ ግን አንድ ጠጉሯ አልተነካም፤ አያ ወርቁ ይህን እንደ ተአምር ሲያወራው ኖረ። የመጨረሻውን ቤትም ፍቄ የውድነሽን ጻፍኩ። ጀርባዬ ሳይረጥብ የተነሣሁ ቀን ለጠፍኩት።

ክረምት መጣ፣ ውሃው እስከ ደረጃው ደረሰ። መስከረም ላይ በታንኳ ሄጄ በሩን አስከፈትኩ። ግድግዳው ላይ ነበረች፤ ጥጓ እንኳ አልተነሣም። ዛሬም አለች።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ብዙ ነው፤ ሐሙሲትም ሠርቻለሁ፣ ወደ ደብረ ታቦርም ወጥቻለሁ፣ መምሬ አስረስም ቃላቸውን ጠብቀው የሜዳውን ደብር ሁሉ ከፈቱልኝ። አንድም ጨርቅ አልወደቀብኝም። ግጥምም ጻፍኩ፤ የሚዘመሩ አሉ። እንደ መጀመሪያዋ የተራመደች ግን የለችም። ሸክላ ሠሪዎቹ ከድስቶቻቸው ጋር በየገበያው ይዘዋት ዞሩ፤ ማኅበር ላይ ተዘመረች፣ ለንግሥ ተዘመረች፣ ክረምት ውሃ የሚሻገር ሁሉ ይላት ጀመር። ውድነሽ ሳትሞት ይህን ሁሉ ሰምታለች።

በቅርቡ ጉልበቴን እንዲሻለኝ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርጄ ነበር። ታጥቤ ወጥቼ፣ አዲስ ከተመረገች አንዲት ማረፊያ ቤት ጥላ ሥር ሴቶች ተቀምጠው ሲዘምሩ ሰማሁ። መዝሙሯ ናት። ጠጋ አልኩና አብሬ ያዝኩ። መጨረሻዋ ላይ ስደርስ አሮጌው ልማዴ ከአፌ አመለጠ፤ "አሻግሪኝ ቶሎ" አልኩ።

አንዲት ወጣት ሴት "የለም አባባ፣ ተሳሳቱ። 'ያዢኝ እናቴ ሆይ' ነው" አለችኝ።

"ማን ነው ያወጣው?" አልኳት።

"ማን ያውቀዋል! የጥንት አባቶች ናቸው። ቅዱሳን ያወጡት ነው ይባላል።"

"እኔ ነኝ ያወጣሁት።"

ተያዩና ሳቁ። አንዷ "ፍል ውሃው ራሳቸው ላይ ወጣ" አለች። ሌላዋ አዘነችልኝ መሰል፣ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ። እኔ አልተቀየምኩም። ስንቱ ሠዓሊ ከሞተ በኋላ እንኳ አይታወስም። እኔ ገና ቆሎ እየቆረጠምኩ ከጥንት ቅዱሳን ተቆጥሬያለሁ። እስቲ ማን ነው ሌላ?

እንደገና ጀመሩ። ኩታዬን አወለቅኩና ጀርባዬን ለማረፊያ ቤቷ ግድግዳ ሰጥቼ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። በውድነሽ ቃል አብሬያቸው ዘመርኩ።

"ደከመዎት እንዴ አባባ?" አለችኝ ወጣቷ።

ግድግዳው ገና ነበር፤ ጀርባዬ ላይ ይቀዘቅዛል።

"የለም ልጄ" አልኳት፤ "እየሠራሁ ነው።"